ዳነ ያልነው ሰው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ጠዋት ባለቤቴ ወይንሸት ሥራ ስትወጣ አብሬያት እወጣለሁ። እሷ ካምፓላ፣ ናካሴሮ ኮረብታ ላይ ወዳለው የአየር መንገድ ቢሮዋ ስትገባ እኔ ከበሩ ተመልሼ፣ የምደርስበት ያለ ይመስል፣ ቁልቁል እወርዳለሁ። ብዙውን ጊዜ እግሬ የሚወስደኝ ዋንዴገያ ሰፈር ነው። ድሮ የምሠራበት ቢሮ የነበረበት ፎቅ ሥር ቆሜ ወደ ላይ አያለሁ። አሁን የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ሆኗል። የበሩ ጥበቃ ያውቀኛል፤ «ምዜ፣ ዛሬም መጡ?» ይለኛል፤ አባባ እንደማለት ነው። ምን ብዬ እመልስለታለሁ? ሰላምታ ሰጥቼው እሄዳለሁ።

ወይንሸት፣ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ጭንቀት ሳዳምጥ ኖሬ አሁን አረፍ ማለት እንዳለብኝ ትነግረኛለች። ማረፍ ግን በትእዛዝ አይመጣም። መጻፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ ቢያንስ ስጽፍ እቀመጣለሁ።

ጌታሁን እባላለሁ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበርኩ። ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ወንድ ነርስ የሚፈለገው ለዕውቀቱ ሳይሆን ለክንዱ ነበር፤ የሚታገል ሕመምተኛ ሲመጣ «ጌታሁን የት ሄደ?» ይባላል። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ቁጡ ሴት ነበሩ፤ ጫማችን ካልተወለወለ ያባርሩናል። አንድ ነገር ግን አስተምረውኛል፦ እጅ ከመዘርጋት በፊት ስም መጥራት። ከዚያ ጅማ አቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ የአእምሮ ነርስ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ የወባም የክትባትም ሥራ ስሠራ ከረምኩ። ደመወዙ የሚወራ አልነበረም።

ወይንሸት ካምፓላ ስትመደብ ሥራዬን ለቅቄ ተከተልኳት። ወንድ ልጅ ሚስቱን ተከትሎ አገር ሲለቅ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ የገዛ ወንድሞቼ «ጌታሁን ሻንጣ ተሸካሚ ሆነ» አሉ። ካምፓላ ደርሼ ሥራ ፈትቼ ጥቂት ከተንከራተትኩ በኋላ ስደተኞችን በሚረዳ ድርጅት አስተርጓሚ ሆንኩ። ዶክተር ናካቶ ያገኙኝ እዚያ ነው።

ዶክተር ናካቶ ኡጋንዳዊት የአእምሮ ሐኪም ናቸው። በእኔ ዕድሜ ገደማ፣ ቀጭን፣ ዝናብም ቢሆን ነጠላ ጫማ የማያወልቁ ሴት። ስሜን መጨረስ ስላቃታቸው «ጌታ» ይሉኝ ነበር። «ጌታ፣ እስቲ ወደዚህ ና» ሲሉኝ የሰሙ ሐበሾች ሁሉ ይስቃሉ። ጥናታቸው ቀላል ጥያቄ የያዘ ነበር፦ በድባቴ የተያዘ ሰው፣ ልዩ ሐኪም ሳያስፈልገው፣ በተራ ነርስ እጅ፣ በመድኃኒትና በየሳምንቱ ጭውውት ሊድን ይችላል ወይ? በአገራችን በኩል ሐኪሙ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። እኔ አማርኛ የሚናገሩትን እንድይዝ ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያው ሥራዬ መጠይቁን ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። የአንድ ሳምንት ሥራ መስሎኝ ነበር። «ድባቴ» የሐኪሞች ቃል ነው፤ መንገድ ላይ የሚያውቀው የለም። «ድብርት» ስል ወጣቶቹ፣ «አዎ፣ ካምፓላ እሁድ እሁድ በጣም ይደብራል» ይሉኛል። «ሐዘን» ስል ደግሞ ማን እንደሞተ ይጠይቁኛል። በመጨረሻ የራሴን አማርኛ ትቼ የእነሱን መልቀም ጀመርኩ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «የሰው ድምፅ አስጠላኝ»፣ «ለራሴ ከበድኩኝ»። የመጨረሻውን ያለችኝ አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ለዶክተር ናካቶ ስተረጉምላቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ቆዩና፣ በሉጋንዳ ኦክዌቻዋ የሚባል ቃል እንዳለ፣ ራስን መጥላት ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ቃሉን በአማርኛ ፊደል ጽፌ ሳነብላቸው በጣም ደስ አላቸው።

ከእሳቸው የተማርኩት ከትምህርት ቤት ከተማርኩት ይበልጣል። ሁልጊዜ ከሕመምተኛው ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለ ሕመሙ ከመጠየቃቸው በፊት ትናንት ምን እንደበላ ይጠይቃሉ፤ ማቶኬ፣ ያን የተቀቀለ ሙዝ፣ በልቷል ካለ ማን እንደሠራው፣ ከማን ጋር እንደበላው ይቀጥላሉ። ብዙ ሰው ስለ ልቡ ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ስለ ምሳው ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። ዝምታ አያስፈራቸውም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጨዋታው ሲያበቃ ተነሥተው ሰውየውን እስከ ውጭው በር ይሸኙታል። የዝናብ ካፊያ ቢኖርም ይሸኙታል። ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ወንበር ላይ ሳይሆን ሊለያይ ሲል ነው ብለው ያምናሉ። አይቼዋለሁ። አንድ አባት ስለ ወገቡ ሲያወራ ቆይቶ፣ የውጭው በር ላይ ሲደርስ ስለ ሞተችው ልጁ ተናገረ።

ሃብቶምን ወደ እኛ ያመጣችው ታላቅ እህቱ ለተብርሃን ናት። ጊዜው በፈረንጆች 2020 መጀመሪያ፣ የኮሮና እገዳ ከመታወጁ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ለተብርሃን ካባላጋላ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት አላት። ሃብቶም ኪኩቦ በሚባለው ጠባብ የጅምላ ገበያ ውስጥ ጀሪካን፣ ባልዲና የፕላስቲክ ወንበር በጅምላ ይሸጣል። ኤርትራዊ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን መርካቶ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል። በጁባ አድርጎ ነበር ካምፓላ የገባው። ሲመጣ ትከሻው ወርዶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ነበር። «እርስዎ» እያልኩ ስጠይቀው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ ነኝ፤ አንቱ አይበሉኝ» አለኝ። ያን ቀን በራሱ ፈቃድ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። የቀረውን እየጎተትኩ አወጣሁት። ሱቁን ከፍቶ ከጀሪካኖቹ ጀርባ ተቀምጦ ይውላል። ገዢ ሲመጣ ይደበቃል።

መጠይቁ ውስጥ አንድ የማጣሪያ ጥያቄ ነበር፦ ከዚህ በፊት ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት ተሰምቶህ ሰው ጤንነትህን የተጠራጠረበት ጊዜ አለ ወይ? ይህ ጥያቄ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ሰው ስሜቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይወስደዋል፤ ባይፖላር የሚባለው ነው። እንዲህ ላለው ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ፣ ከጉድጓድ አውጥቶ ሽቅብ ሊያስፈነጥረው ይችላል። ሃብቶም ጥቂት አሰበና እንዲህ ያለ ነገር እንደማያውቅ፣ ጁባ ሳለ ሥራ የተሳካለት አንድ ጥሩ ዓመት ብቻ እንደነበረው ነገረኝ። ዶክተር ናካቶም ለብቻቸው መረመሩት፤ ለእሳቸውም የመለሰው ይህንኑ ነው። ለተብርሃን በዚያን ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ነበረች። አብራ ልትገባ ጠይቃ ነበር። የጥናቱ ደንብ ግን ሕመምተኛው ብቻውን፣ በምስጢር እንዲጠየቅ ያዝዛል። በትሕትና እንድትጠብቅ ተነገራት፤ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች።

መድኃኒት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ አገሩ ተዘጋ። ታክሲ ቆመ፤ ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ፤ ኪኩቦ ከምግብ ነጋዴ በቀር ሱቁን ቆለፈ። አውሮፕላን ስለቆመ ወይንሸትም ቤት ዋለች። እኔ የመኝታ ቤታችን አልጋ ላይ ተቀምጬ በስልክ መጠየቅ ጀመርኩ። ለእኔ የማይሆን ሥራ ነበር። ስልክ ፊት የለውም፤ ዝም ስትል መስመሩ የተቋረጠ ይመስላቸዋል። እስከ በር የሚሸኝበት መንገድም የለውም፤ ጥያቄው ሲያልቅ «እሺ፣ ደህና ዋል» ነው፣ አለቀ። ስልኩን ዘግቼ ከአልጋው እስከ መስኮቱ እመላለስ ነበር። ወይንሸት ምንጣፉን ጨረስከው ትለኛለች።

የሃብቶም ድምፅ በመጀመሪያ ከድንጋይ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር። ከሳምንታት በኋላ ድንጋዩ ተነሣ። ምግብ በላሁ አለኝ። ሬዲዮ ሰማሁ አለኝ። ከዚያ ቀልድ ጀመረ፤ ስለ ጎረቤቱ ዶሮ የነገረኝን አስታውሼ እስካሁን እስቃለሁ። እንቅልፍ ያስቸግርህ እንደሆነ ስጠይቀው ምንም አያስቸግረኝም ይላል። ድካም? የለም። ተስፋ መቁረጥ? «ኧረ ጋሼ፣ የምን ተስፋ መቁረጥ» ይላል። በሳምንቱ የኮምፒዩተር ስብሰባ ላይ፣ መረጃ የሚያጠናቅረው ኦኬሎ የእያንዳንዱን ሰው የሕመም ውጤት በመስመር ስሎ ያሳየን ነበር። የሃብቶም መስመር ቁልቁል ወርዶ መሬት ነካ። ኦኬሎ ኮከባችን ይህ ነው አለ። ዶክተር ናካቶ ፈገግ አሉ። እኔ እንኳ ያን ቀን ለወይንሸት ሳላወራላት አላደርኩም። ሁላችንም ደስ እንዲለን ፈልገን ነበር፤ በዚያ ሰሞን ደስ የሚል ነገር አልነበረማ።

ሱቆች እንደገና ሲከፈቱ ልጠይቀው ኪኩቦ ወረድኩ። ገና ከመታጠፊያው ሳለሁ ሳቁን ሰማሁት። ሃብቶም የሱቁ ደፍ ላይ ቆሞ ጀሪካን ለአላፊ አግዳሚው ያድላል። ሴቶች ተሰልፈዋል፤ የቦዳ ነጂዎች ባልዲ በባልዲ ደርበው ጭነዋል። በሉጋንዳ፣ በዓረብኛ፣ በትግርኛ እያቀያየረ ይናገራል። አየኝና ዘሎ አቀፈኝ። መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ያበራል። ሕንፃውን በሙሉ ሊከራየው እንደሆነ፣ ከሞምባሳ እስከ ጁባ መኪና እንደሚያሰማራ፣ እኔን ሥራ አስኪያጅ እንደሚያደርገኝ ነገረኝ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል።

«ሃብቶም፣ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» አልኩት።

«እንቅልፍ ለምን ያስፈልጋል ጋሼ? አንድ ሰዓት ይበቃኛል። ነገርኩዎት እኮ፤ እንቅልፍ አያስቸግረኝም።»

እውነቱን ነው፣ ነግሮኛል። በየሳምንቱ ነግሮኛል። መጠይቁ የሚለው «እንቅልፍ ያስቸግርሃል ወይ» ነው፤ እንቅልፍ የማያስፈልገውን ሰው እንቅልፍ አያስቸግረውም።

ለዶክተር ናካቶ ደወልኩ። ወዲያው መጡ፤ ኪኩቦ መኪና ስለማያስገባ በእግራቸው፣ በነጠላ ጫማቸው። ሃብቶም የሚያድለውን አንዱን ጀሪካን ገልብጠው ተቀመጡበት። ቀስ ብለው፣ የሰጡት መድኃኒት ከሚገባው በላይ ሽቅብ እንደወሰደው፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ አብሯቸው ሆስፒታል ቢሄድ እንደሚያስተካክሉት ነገሩት። ሃብቶም ጎንበስ ብሎ አዳመጣቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «በላቸው እንግዲህ» አለኝ፤ አንተ ማለቱን ራሱም አላስተዋለም። «በላቸው፣ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከምኑ ነው የሚያድኑኝ?»

ተረጎምኩላቸው። ሃብቶም እጃቸውን ስሞ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። በጉልበት ማስያዝ ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን እህቱ እስክትመጣ መጠበቅን መረጡ። ለተብርሃን ካባላጋላ ተነሥታ ከመድረሷ በፊት ሃብቶም ከአንድ ቦዳ ነጂ ሞተር ገዛ። ነድቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ክላክሱን ነፋና ቁልቁል ለቀቀው። ከአንድ የሙዝ ጫኝ መኪና ጋር ነው የተጋጨው።

እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። እንግዲህ ሆስፒታል የገባው በዚህ መንገድ ነው። አልጋ ላይ ታስሮ ሳለ የድባቴው መድኃኒት ተቋረጠ፣ ስሜትን የሚያረጋጋው ተጀመረለት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከለተብርሃን ጋር ተቀመጥኩ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም።

«ጁባ እያለን እንዲሁ ሆኖ ነበር። ሱቁን በትኖት፣ አስረን ነው ያስተኛነው። እሱ ግን ያን ዓመት ጥሩ ዓመት ይለዋል። እኔ አውቅ ነበር፣ አቶ ጌታሁን። ያን ቀን ቦርሳዬን ይዤ ደጅ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰው ወጥቶ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ምን እላታለሁ? ደንቡን ላነብላት ነው?

ከዚያ በቢሮው የሆነው ነገር ለውጭ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። ሃብቶም በተለካበት ሳምንት ውጤቱ «ድኗል» የሚል ነበር። ጥናቱን ከሚከታተሉት ኃላፊዎች አንዱ፣ ከልኬቱ በኋላ የሆነው ነገር የሕክምናው ጉዳይ እንጂ የጥናቱ ጉዳይ ስላልሆነ በዳኑት መካከል ይቆጠር አለ። ሌላው ጭራሹኑ ከጥናቱ ይውጣ አለ። ዶክተር ናካቶ ሁለቱንም እምቢ አሉ። በሕክምናችን እንደተጎዳ ተጽፎ፣ ለደኅንነት ተቆጣጣሪዎች እንዲላክ አደረጉ። ጥናቱ ታገደ። ለኦኬሎም ለእኔም ውላችን ሊቋረጥ እንደሚችል ተነገረን። ኦኬሎ ገና ልጅ ወልዶ ስለነበር ተከፋ። ዶክተር ናካቶ ጠሩንና፣ «ይህ ሰው ድኗል ብለን ከጻፍን፣ ነገ አንድ የገጠር ነርስ እኛን አምኖ ለሌላው ሃብቶም ይህንኑ መድኃኒት ይሰጠዋል» አሉን። ኦኬሎ ሪፖርቱን ራሱ ሊያዘጋጅ ተቀመጠ።

የጥናቱ እገዳ ተነሥቶ ስንመለስ መጠይቁ ተለውጦ ነበር። ሕመምተኛው ከፈቀደ አንድ የቤተሰብ ሰው ለብቻው ይጠየቃል። ስለ እንቅልፍ የምንጠይቀው ማስቸገሩን ሳይሆን፣ መቼ ተኝተህ መቼ ተነሣህ፣ ከዚያስ ምን ሠራህ እያልን ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች፤ ስትጠየቅ እንደ ሃብቶም ንጹሕ ድባቴ ነበራት። በእሷ ፈቃድ አብራት የምትኖረውን ጓደኛዋን ጠየቅናት። ጓደኛዋ ባለፈው ዓመት ልጅቷ ሳምንት ሙሉ ሳትተኛ ሆስቴሉን በሙሉ ቀለም እንደቀባች ነገረችን። መድኃኒቷ ተለወጠ። ዶክተር ናካቶ ያን ዕለት ከኋላ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አድርገውኝ አለፉ።

ሃብቶም ግን አልተሻለውም። እግሩ አጥሮ ገጠመ፤ ያነክሳል። ሱቁ ባዶ ሆነ። ስሜቱ ከሰማይ ሲወርድ መሬት ላይ አልቆመም፣ ከመሬት በታች ገባ። ኪኒኑን እየወሰደ ለሳምንት ያቋርጠዋል። አዲሱ መድኃኒት ለሚጠይቀው የደም ምርመራ ልወስደው ስሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በ2021 ከተማው እንደገና ሲዘጋ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ተቀምጬ ሳለ፣ መኖር እንደማይፈልግ በግልጽ ነገረኝ። የሚያደርገውን አስቦ እንደሆነ ጠየቅሁት። አስቦ ነበር። ይህን መጠየቅ ሰውየውን ወደዚያ የሚገፋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ያየሁት ግን ትንፋሹ ቀለል ሲል ነው። ብቻውን አልተውነውም። ለተብርሃን ቤቷ ወሰደችው፤ ኪኒኑን እሷ ትሰጠዋለች፤ ዶክተር ናካቶ እገዳውን የሚያልፉበት ፈቃድ ስለነበራቸው በየሁለት ቀኑ ይመጣሉ። ትናንት ምን በላህ ይሉታል። ለሁለት ሳምንት አልመለሰላቸውም። ከዚያ አንድ ቀን «ፖሾ፣ ያውም ጨው የሌለው» አለ፤ የበቆሎ ገንፎ ማለቱ ነው። ለተብርሃን ከጓዳ ሆና ሰማች፤ ጨው ነበረው ብላ ተቆጣች። ያን ቀን ማገገም ጀመረ ብል ማጋነን ነው። ግን እኔ ያን ቀን ነው ተመልሼ መተኛት የቻልኩት።

በ2022 ጥናቱ አለቀ። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ተራ ነርስ ብዙ ሰው ሊረዳ እንደሚችል አሳይተናል፤ ሃብቶምም በጉዳት ገጹ ላይ ያለ ስሙ ተጽፏል። ከመበተናችን በፊት ዶክተር ናካቶ አዳዲስ ነርሶች ሲያሠለጥኑ፣ ሃብቶም መጥቶ እንዲናገር ጠየቁት። እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም። ከለተብርሃን ጋር መጣ፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ በምርኩዝ። አሁን በእህቱ ፀጉር ቤት ጥግ የፀጉር ዕቃ ይሸጣል። ታሪኩን በእንግሊዝኛ ተናገረ። አንዲት ወጣት ነርስ እጇን አውጥታ፣ ያን ያህል ደስ ብሎት ከነበረ አሁን ይህን መድኃኒት ለምን እንደሚወስድ ጠየቀችው።

ሃብቶም፣ ያኔ ሰውን ሁሉ ይወድ እንደነበር፣ ግን ከሰልፉ ውስጥ የአንዱን ሰው ፊት እንኳ እንደማያስታውስ ተናገረ። አሁን በቀን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉንም ግን ያስታውሳል። ነርሷ ጻፈች። ለእሷ በቂ መልስ ነበር።

ከሥልጠናው በኋላ ሦስታችን እየተጓዝን ወደ ታክሲው ስንወርድ ግን በአማርኛ ሌላ ነገር ነገረኝ።

«ጋሼ፣ እዚያ ያልተናገርኩት አለ። አንዳንድ ጠዋት ያ ሰውዬ ይናፍቀኛል። ኪኒኑን እጄ ላይ ይዤ እቆያለሁ። ለለተብርሃን ብነግራት ትደነግጣለች ብዬ ለወራት ደበቅኋት። ባለፈው ሳምንት ነገርኳት።»

ለተብርሃን ከፊት እየሄደች ነበር፤ ሰምታናለች። ቆም ብላ ዞረች።

«እኔንም ይናፍቀኛል» አለች። «የቀበርነው ወንድም ያለ ይመስለኛል። ያስቀኝ ነበር እኮ።» ከዚያ ክንዷን ሰጠችው፤ ቁልቁለቱ ለእግሩ አይመችም። «ግን እሱ እኔን አያውቀኝም ነበር፤ አንተ ታውቀኛለህ። ናና እንሂድ።»

ታክሲው ሁለቱን ይዞ ሞልቶ ሄደ። ባለቤቴ ቢሮዋ እየጠበቀችኝ ነበር። እኔ ግን ሌላ ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ጃኬቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ናካሴሮ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ።